ከጓንዡ ገበያ እስከ ሞጆ ኒካህ

ሞጆ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ሁለት ታላላቅ መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ናት። አንደኛው መንገድ በአዳማ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ወደብ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ወደ ባቱ፣ ሻሸመኔና ሐዋሳ ያመራል። መንገደኛ የማይታጣባት በመሆኗም መኪና ቆም ባለ ቁጥር ልጆች ውኃ፣ ሶፍት፣ ማስቲካና የእጅ ሰዓት ይዘው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ።

እኛም ለሥራ ወደዚያው በሄድንበት ቀን አንድ ልጅ በክንዱ ላይ ከደረደራቸው ሰዓቶች አንዱን ፈትቶ አቀረበልን። «ኦሪጅናል ሮሌክስ ነው፤ ለእናንተ እቀንሳለሁ» አለ። የጠራው ዋጋ ከአንድ ሰው ምሳ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ሳቅን። ልጁም አብሮን ሳቀ።

ሻጩም ገዢውም እውነቱን የሚያውቁ ከሆነ በዚህ ነገር የሚጎዳው ማን ነው? ብዙዎቻችን ፎርጅድ ሰዓትን እንደ ቀላል ነገር የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ሁልጊዜ በሳቅ እንደማያልቅ የተረዳነው፣ በዚያው ዕለት ከዐስር ሰላት በኋላ ያገኘናቸው አንድ የሞጆ ነጋዴ የደረሰባቸውን ሲያጫውቱን ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀውናል። «በነገሩ ውስጥ የሌላ ሰው ትዳር አለበት» ብለዋል። እኛም ቃላችንን ጠብቀን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

በደጃፍ የሚያልፍ ዕቃ

እኒህ ወንድማችን ቀደም ሲል ቆዳና ሌጦ እየሰበሰቡ ለፋብሪካ የሚያስረክቡ ነጋዴ ነበሩ። ሞጆ በቆዳ ፋብሪካዎቿ የምትታወቅ ከተማ እንደመሆኗ ሥራው ለብዙ ዓመታት ቤታቸውን አቁሞላቸዋል። የቆዳው ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን አነስተኛ ሱቅ ከፍተው ልብስ፣ ሬዲዮና የእጅ ሰዓት መሸጥ ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የሞጆ ደረቅ ወደብ ከሱቃቸው ብዙም አይርቅም። ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር በዚያ ይራገፋል፤ ከውስጡም ብዙው የቻይና ዕቃ ነው። «ዕቃው በደጃፌ ያልፋል። እኔ ግን መርካቶ ሄጄ በሦስተኛ እጅ እገዛለሁ። ለምን ከምንጩ አልገዛም? አልኩ» ይላሉ።

እቁባቸውን አወጡ። እናታቸው ሁለት በሬ ሸጠው ገንዘቡን ሰጧቸው። በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ቻይና ወደምትገኘው ጓንዡ ከተማ በረሩ። አየር መንገዳችን ወደ ቻይና መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ በቅርቦቹ ዓመታት ደግሞ የጓንዡ በረራ ዋነኛ መንገደኛ እንደ እርሳቸው ባዶ ሻንጣ ይዞ የሚሄድ ነጋዴ ሆኗል። በሻንጣ ሊመጣ የሚችል፣ ክብደቱ ትንሽ ትርፉ ብዙ የሆነ ዕቃ የትኛው ነው? ለሚለው ጥያቄ ያገኙት መልስ የእጅ ሰዓት ነበር።

«ስም ይኑርበት?»

በጓንዡ ሳንዩዋንሊና ሺያውበይ የሚባሉት ሰፈሮች የአፍሪካ ነጋዴዎች የሚበዙባቸው ናቸው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ጃንሺ የሚባለው መንገድ ይገኛል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙት ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ከላይ እስከ ታች በሰዓት የተሞሉ ናቸው። አንዱ ሱቅ ማሰሪያ ብቻ፣ ሌላው ሣጥን ብቻ፣ ሦስተኛው የሰዓቱን ፊት ብቻ ይሸጣል። ሻጭና ገዢ ቋንቋ ስለማይግባቡ ንግግሩ ሁሉ በካልኩሌተር ነው። አንዱ ቁጥር ጽፎ ያሳያል፤ ሌላው አጥፍቶ የራሱን ይጽፋል።

ወንድማችን በገቡበት ሱቅ መስታወት ውስጥ የተደረደሩት ሰዓቶች ስም የሌላቸው ወይም ማንም የማያውቃቸው ነበሩ። ሻጯ ግን ጥቂት ካየቻቸው በኋላ ከመሳቢያ ውስጥ የፎቶግራፍ መዝገብ አወጣች። በመዝገቡ ውስጥ የስዊዝ ታላላቅ ሰዓቶች ሁሉ አሉ። በየደረጃቸውም ተለይተዋል፤ አንድ «ኤ»፣ ሁለት «ኤ»፣ ሦስት «ኤ» እየተባሉ ዋጋቸው ከፍ ይላል። የመረጡትን ሰዓት አንድ ልጅ ሮጦ ከሌላ ቤት ያመጣዋል።

መዝገቡ በመሳቢያ፣ ዕቃው በሌላ ቤት የሚቀመጥበት ምክንያት አለው። ቻይናም ብትሆን ይህን ሥራ በሕግ ከልክላለች። የንግድ ምልክት ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ በታኅሣሥ 2001 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆንም ጥበቃውን ለማጠናከር ግዴታ ገብታለች። ስለዚህ «በአገሩ የተፈቀደ ነው» የሚለው የብዙ ነጋዴዎች አባባል ትክክል አይደለም።

ወንድማችን እስከ ዛሬ የማይረሱት አንድ ነገር ቢኖር የሻጯ ጥያቄ ነው። ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን አስቀመጠችላቸው። ሞተራቸው አንድ፣ ማሰሪያቸው አንድ፣ ክብደታቸውም አንድ ነው። አንዱ ፊቱ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ሌላው የታወቀ የስዊዝ ስም አለበት። በጣቷ ባዶውን፣ ከዚያም የተጻፈበትን እያመለከተች ስሙ ይኑርበት ወይስ አይኑርበት? በማለት በምልክት ጠየቀቻቸው።

«በዚያ የዋጋው ልዩነት ኢምንት ነው። እዚህ ሲደርስ ግን ስም ያለበት አሥር እጥፍ ይሸጣል። ሰዓት መስሎኝ ነበር የምገዛው። አሁን ሳስበው ለካ የገዛሁት ጽሑፉን ነው» ብለውናል። 200 ሰዓት አዘዙ፤ ሁሉም ስም ያለባቸው ነበሩ።

በጓንዡ ሳሉ የጁሙዓ ሰላት የሰገዱት ከባቡር ጣቢያው በማይርቀው፣ በሰሐባው ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ስም በሚጠራው መስጊድ ነበር። የቻይና ሙስሊሞች በትውፊታቸው ሰዕድ እስልምናን ይዘው ወደ አገራቸው የመጡት ከሐበሻ ምድር በመርከብ ተሳፍረው ነው ይላሉ፤ በዚያም መቃብራቸው ነው የሚባል ቦታ ይጎበኛል። በእርግጥ በታሪክ መጻሕፍት ዘንድ የታወቀው ሰዕድ በመዲና አቅራቢያ ማረፋቸውና በበቂዕ መቀበራቸው ነው። ሆኖም ወንድማችን የአገራቸውን ስም በዚያ ርቀት ሲሰሙ ልባቸው ተነካ። «ከሐበሻ ይዘው መጡ የሚባለው ያ ነው። እኔ ወደ ሐበሻ ይዤ የምመለሰው ደግሞ በሻንጣዬ አለ። ትንሽ ከበደኝ፤ ግን ገንዘቡን ከፍዬ ነበር» አሉን።

የሰዓቱ ሆድ ዕቃ

አንባቢያን አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን። ፎርጅድ ሰዓት ሁሉ ሰዓቱን ያሳስታል ማለት አይደለም። የጃፓኑ ሴኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የሰዓት ሥራ ተለውጧል። በባትሪ ኃይል በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ የኳርትዝ ቅንጣት ጊዜውን ትቆጥራለች። ይህ ሞተር ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው። በመሆኑም ስም የሌለው ርካሽ ሰዓት፣ በሺህ ዶላር ከሚሸጠው ባለ መዘውር የስዊዝ ሰዓት ይልቅ በትክክል ሊቆጥር ይችላል።

ታዲያ ውሸቱ የት ላይ ነው? ውሸቱ በፊቱ ላይ በተጻፈው ስም፣ በጀርባው ላይ በተቀረጸው ቁጥርና በሻጩ አፍ ላይ ነው። በፊቱ «አውቶማቲክ» ተብሎ የተጻፈበት ሰዓት ሰከንድ ቆጣሪው በየሰከንዱ አንዴ ዘለል፣ አንዴ ቆም የሚል ከሆነ በውስጡ ያለው የባትሪ ሞተር ነው። እውነተኛው ባለ መዘውር ሰዓት በሰከንድ 6 ወይም 8 ትንንሽ እርምጃ ስለሚራመድ ሰከንዱ የሚንሸራተት ይመስላል። በፊቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ክቦችም በፎርጅዱ ላይ ብዙ ጊዜ ጌጥ ብቻ ናቸው፤ አይሠሩም። ውኃ አያስገባም ተብሎ የተጻፈበትም ለውዱእ እጅ ሲታጠቡበት መስታወቱ በላብ ይሸፈናል።

ውድ ሰዓት ብቻ ነው የሚኮረጀው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚሠራውና በተማሪዎች ዘንድ የታወቀው የካሲዮ ኤፍ-91 ዳብልዩ ሰዓት እንኳ በብዛት ይኮረጃል። በእውነተኛው ላይ በስተቀኝ ያለውን ቁልፍ 3 ሰከንድ ያህል ተጭነው ቢይዙት የኩባንያው ስም በመስታወቱ ላይ ይወጣል። ብዙዎቹ ፎርጅዶች ይህን አያሳዩም።

የመህሩ ሰዓት

ወንድማችን ከቻይና እንደተመለሱ ሰዓቶቹ በጥሩ ዋጋ ይሸጡ ጀመር። ከገዢዎቹ አንዱ በጅቡቲ መንገድ በከባድ መኪና ላይ የሚሠራ፣ ሊያገባ የተዘጋጀ የሠፈራቸው ወጣት ነበር። ወርቅ ቅብ የሆነ የሴት ሰዓት መረጠ። «ጋሼ፣ ኦሪጅናል ነው?» አላቸው። እርሳቸውም «እኔው ራሴ ከውጭ ያመጣሁት ነው» ብለው መለሱለት።

«እየው» አሉን ነጋዴው፣ «ያልኩት ነገር እውነት ነው። ራሴ ነኝ ያመጣሁት። ግን እውነቱን የተናገርኩት እንዲሳሳት ብዬ ነው። ከውሸት የባሰ ነው።»

ወጣቱ የወራት ደመወዙን አጠራቅሞ ከፈለ። በኒካሁ ዕለትም ሰዓቱ በስሙ ተጠርቶ፣ ከአንድ የወርቅ ቀለበት ጋር መህር ሆኖ ተመዘገበ። እንደሚታወቀው መህር የሴቷ መብትና ሀብት ነው። የአባቷም የባሏም አይደለም። ሙሽራዪቱም ሰዓቱን ለጎረቤትና ለጓደኛ በኩራት አሳየች።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ቅቡ በእጅ አንጓዋ በኩል ይላጥ ጀመር። ከሥሩ የወጣው ብረት ቆዳዋን አሳከካት፤ ቀላ፤ አበጠ። በርካሽ ብረት ውስጥ የሚገኘው ኒኬል የሚባለው ማዕድን በብዙ ሰዎች ቆዳ ላይ እንዲህ ያለ ችግር ያስከትላል። በረመዳን ወር ደግሞ ሰዓቱ ጭራሽ ቆመ። ወንድሟ አዳማ ወስዶ ለሰዓት ሠሪ አሳየው። ሰዓት ሠሪው የጀርባውን ክዳን ከፍቶ አየና ባትሪ ከመለወጥ በፊት ዋጋውን ነገረው።

ነገሩ በቤተሰቡ መካከል እንደ እሳት ተነሣ። የልጅቱ አባት «ልጄን በመህሯ ያታለለ፣ ነገ በምኗ ይታመናል?» አሉ። ልጅቱም ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ወጣቱ ወደ ሱቁ መጥቶ ሰዓቱን በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አልተሳደበም። «ጋሼ፣ ጠይቄዎት ነበርኮ» ብቻ አለ።

ነጋዴው መጀመሪያ የሰጡት መልስ «እኔ ኦሪጅናል ነው አላልኩህም» የሚል ነበር። ወጣቱ ዝም ብሎ ወጣ። «ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለቤቴ ምን ሆንክ? አለችኝ። ስነግራት አልተቆጣችኝም። ለእኔ ብትገዛው ኖሮ ምን ትላቸው ነበር? አለችኝ።»

በነጋታው ከፈጅር ሰላት በኋላ የመስጊዱን ኢማም ይዘው ወደ ልጅቱ አባት ቤት ሄዱ። በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ወጣቱ ምንም እንደማያውቅና አታላዩ እርሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ኢማሙም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥበት እንዳገኙ፣ ባለቤቱ ዝናብ መታው ብሎ ሲመልስም ሰው እንዲያየው የረጠበውን ከላይ ለምን አላደረግኸውም? ብለው እንደገሠጹት አስታወሱ። ሰውየው ደረቅ ነው ብሎ አልማለም፤ እርጥቡን በደረቁ ሸፈነው እንጂ። «ከውጭ ያመጣሁት ነው» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው።

ሽማግሌዎቹ ነጋዴው ዋጋውን ለወጣቱ እንዲመልሱ፣ ወጣቱም በሰዓቱ ፈንታ ልጅቱ የምትመርጠውን በዚያው ዋጋ እንዲያሟላ ወሰኑ። እርስዋም የወርቅ ጉትቻ መረጠች፤ ወደ ቤቷም ተመለሰች። ነገር ግን ለነጋዴው ባለቤት የተናገረችው ቃል እስከ ዛሬ በቤታቸው ይነሣል። «የቆጨኝ ሰዓቱ አይደለም። ስሙን እየጠራሁ ለሰው ሁሉ ማሳየቴ ነው። ሳላውቅ እኔንም አስዋሻችሁኝ።»

ከእጅ ወደ እጅ

የነገሩ ፍሬ በእኛ አስተያየት በዚህች ወጣት ቃል ውስጥ ነው። በጓንዡ ሻጭና ገዢ ሁለቱም እውነቱን ያውቃሉ። ሞጆ ላይ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው። በኒካሁ ቤት ደግሞ የሚያውቅ የለም። ውሸቱ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር የሚያውቀው እያነሰ፣ የሚጎዳው እየበዛ ይሄዳል። «ገዢው ያውቃል» የሚለው ምክንያትም የሚሠራው ለመጀመሪያው እጅ ብቻ ነው።

የነገሩን ስፋት ለማሳየት ያህል፣ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) ከአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ በ2016 በዓለም ላይ በድንበር ተሻግሮ የተነገደው አስመስሎ የተሠራ ዕቃ 509 ቢሊዮን ዶላር፣ ማለትም ከዓለም ንግድ 3.3 ከመቶ እንደሆነ ገምቷል። ጫማ፣ ልብስ፣ የቆዳ ውጤትና የእጅ ሰዓት በብዛት ከሚኮረጁት መካከል ናቸው።

በአገራችንም በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998፣ የተጠበቀን የንግድ ምልክት መብት ሆን ብሎ በሚጥስ ሰው ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እሥራት ደንግጓል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው አስፍሯል። በሻንጣ የሚመጣ ጥቂት ሰዓት ነው ብሎ ሕጉን ማቃለል ኋላ ያስጸጽታል።

የቀሩት ሰዓቶች

ወንድማችን በ2011 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ጓንዡ ሄደዋል። ወደዚያው ሱቅ ገቡ። ሻጯ አስታወሰቻቸውና መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣች። በእጃቸው መለሱላትና በመስታወቱ ውስጥ ያሉትን፣ ስም የሌላቸውን አመለከቱ። በካልኩሌተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር አነስተኛ ነበር፤ ሞጆ ላይ ያገኙት ትርፍም እንዲሁ። የእናታቸውን የሁለት በሬ ገንዘብ ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። «በረካው ወዲያው ታየኝ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ከብዶኝ ነበር። ግን ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ ከሱቁ ጓሮ አልደበቅም» ይላሉ።

ከመጀመሪያው ጉዞ የተረፉ 60 ያህል ሰዓቶች ደግሞ በካርቶን ሆነው በቤታቸው ተቀምጠዋል። ፎርጅድ ነው ብሎ ተናግሮ ቢሸጧቸውስ? ስንል ጠየቅን። ይህንኑ ኢማሙን ጠይቀው እንደነበር ነገሩን። ኢማሙ የሰጡት መልስ፣ እውነቱን መናገር የመጀመሪያውን ገዢ ከመታለል ያድናል፤ ነገር ግን የስሙ ባለቤት ሐቅ አሁንም አለበት፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ገዢም የሚናገርለት የለም የሚል ነበር። ስለዚህ ሰዓቶቹን ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ለሰዓት ሠሪ ይሰጣሉ። ሰዓት ሠሪው ሞተሩን አውጥቶ ለሌላ ሰዓት መለዋወጫ ያደርገዋል፤ ስም ያለበትን ፊት ይሰብረዋል። የሚከፈላቸው ገንዘብ የሻይ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ታሪክ ለየቤታችን የሚሆን ጥቂት ነገር እናስታውስ። ለኒካህ፣ ለምርቃት ወይም ለሌላ ስጦታ ሰዓት ስንገዛ ከስሙ ይልቅ አቅማችንን እንይ። ሻጩን «ከየት መጣ?» ሳይሆን «በፊቱ ላይ የተጻፈው ስም ባለቤት የሠራው ነው ወይ?» ብለን በግልጽ እንጠይቅ፤ መልሱንም በደረሰኝ ላይ እናስጽፍ። ደረሰኝ ላይ ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ መልሱን ሰጥቶናል። ነጋዴ የሆንን ደግሞ ገዢው ያልጠየቀንን ጉድለት ቀድመን እንናገር። ለልጆቻችንም ስም የሌለው ሰዓት ማሰር ውርደት አለመሆኑን እናስተምር።

ስንመለስ ያ ልጅ በዚያው መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ስም የሌለው ሰዓት እንዳለው ጠየቅነው። ከክንዱ ላይ ፈልጎ አንድ አጣና ከቦርሳው አወጣ። «ይኼኮ ምንም አይደለም፤ ዝም ብሎ ሰዓት ነው» አለን። እርሱኑ ገዝተን ጉዟችንን ቀጠልን። አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግዳችንን ባለ በረካ ያድርግልን።